ዕቃችሁ የግድ ከእናንተ ጋር ማደር የለበትም

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ሻይ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። በተለይ "ቲቸር፣ ቢዝነስ ጀመርኩ" እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄ በቀጥታ የእናንተ ጉዳይ ነው።

ንግድ ከጀመሩ ተማሪዎቼ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ የብድር ጥያቄ ነው። "ቲቸር፣ ብድር የት ይገኛል? ዋስ ማን ይሆነኛል?" እኔ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የባንክ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ በጥያቄ ነው የምመልሰው። ዕቃህ የት ነው የሚያድረው? ሰው ሲያዝህስ ማነው ይዞት የሚሄደው? መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ "ቤት ነው የሚያድረው፣ ይዤው የምሄደውም እኔው ነኝ።"

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የጂንካንና የደቡብ ኦሞን ትንሽ ነጋዴ ወገቡን የያዘው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ገዢም ሻጭም መጋዘን ጠባቂም ዕቃ አሻጊም ተላላኪም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ብድር ቢያገኝ እንኳ የሚጨምረው አልጋው ሥር የሚያስቀምጠውን ኬሻ ቁጥር ነው። የሚያስፈልገን ዕቃችንን በክፍያ ተረክቦ የሚያስቀምጥ፣ የሚቆጥር፣ ትዕዛዝ ሲመጣ አሽጎ የሚልክ ሌላ አካል ነው። ነጋዴው ይነግድ፣ ማስቀመጡንና ማድረሱን ሥራዬ ብሎ የያዘው ይሥራው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ (ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም)። አስተምሬያት የነበረች ልጅ የአሪ ኮረሪማና የአካባቢያችንን ማር በቴሌግራም ትሸጣለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ አዲስ አበባና ሐዋሳ ናቸው። ዕቃዋ ጥሩ ነው፣ ምላሷም ቅን ነው። አንድ ቀን "ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዱን ሰዓትሽን ደብተር ላይ ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። ከግማሽ በላዩ የሄደው በማሸግ፣ መናኸሪያ በመመላለስ፣ የመኪና ረዳት በመለማመጥና "ደረሰ ወይ?" እያሉ በመደወል ነው። ምርት ለመምረጥና አዲስ ደንበኛ ለማፈላለግ የቀራት ሰዓት ተራፊው ነው። በዚያ ላይ በመኪና ጣራ የላከችው ማር ክዳኑ ለቆ የሌላ ሰው ሻንጣ ላይ ፈሰሰ። ማሩንም ከፈለች፣ ሻንጣውንም ከፈለች፣ ደንበኛዋንም አጣች። አሁን "ትቼው አዲስ አበባ ሄጄ ልቀጠር ወይ?" እያለች ነው። ይሄንን ነው እንግዲህ "ወጣቱ ሥራ አይወድም" ብለን የምንደመድመው!

አንዳንዱ "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" ይለኛል። እውነት ነው፣ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 የሌሎች ነጋዴዎችን ዕቃ በራሱ መጋዘን አስቀምጦ ትዕዛዝ ሲመጣ አሽጎ መላክ ጀምሯል። ቤቱ ጓዳ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የትልቅ ኩባንያ መጋዘን እንዳለው ሆነ ማለት ነው። ግን ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ከብቱን በሙሉ አንድ በረት አያድርም። የተወሰነውን ሌላ አካባቢ ባለ ወዳጁ ዘንድ ያስቀምጣል። ድርቅ ወይም በሽታ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል፣ ጠባቂው ወዳጅም ወተቱን ይጠቀማል። ደጋ ላይ ደግሞ የርቢ ከብት የሚባል ነገር አለ። ሀብትህን ሌላ ሰው ዘንድ አስቀምጠህ፣ ላስቀመጠልህ ድርሻ ትሰጣለህ። አደራ የሚለው ቃል እኮ ያለ ምክንያት እንዲህ አልከበደብንም።

ወደ ዘመናዊውም እንምጣ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር መሠረቱ ይኸው ነው። አቅራቢው ቡናውን ወይም ሰሊጡን ወደ መጋዘን ያስገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቀበላል። ገዢው አዲስ አበባ ሆኖ ኬሻውን በዓይኑ ሳያይ ይገዛል። እንዴት አመነ? መጋዘኑ በመሐል ስላለ ነው። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996 የወጣው ምርት ገበያው ከመቋቋሙ አስቀድሞ ነው። መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ ገበያ። ይሄ ቅደም ተከተል ለእኛም ትምህርት ይመስለኛል። ችግሩ ያ መስመር የተሠራው ለብዛት ነው። 3 ጀሪካን ማርና 20 ኪሎ ኮረሪማ ላላት ልጅ አልተሠራም። ለእሷ የሚሆነው ገና አልተወለደም።

ሌሎቹ ነገሮች እኮ አሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ክፍያው በሰከንድ ይገባል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ፖስታ ቤታችን ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። ጂንካ ኤርፖርት አላት። ቴሌግራምና ቲክቶክማ እናንተው ናችሁ የምታስተምሩኝ። ገንዘቡ በሰከንድ ይደርሳል፣ ወሬው በሰከንድ ይደርሳል፣ ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቁጭ ብሏል። ደንበኛ "ዛሬ ይደርሰኛል?" ሲል "ሐሙስ ሰው ይመጣል፣ በሱ እልክልሃለሁ" ነው መልሳችን። ሐሙስ ድረስ የሚጠብቅ ደንበኛ ዘመድ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ሁለት ቦታ ይታየኛል።

የመጀመሪያው እዚሁ ጂንካ ነው። የብዙ ነጋዴ ዕቃ በአንድ መጋዘን ይሰበሰባል፣ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ ተሰብስቦም ይጫናል። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ገደማ ይጭናል። የ1 ኩንታል ባለቤት ብቻውን አይሱዙ አይከራይም፣ ስለዚህ የአውቶቡስ ጣራ ላይ ይለምናል። 50 ሰው አንድ ላይ ከሆነ ግን መኪናው የራሳቸው ነው። አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት ይሄንን ነው። ቁጥሩ ራሱ ገጠመ እኮ!

ሁለተኛው ደንበኛው ያለበት አዲስ አበባ ነው። እዚያ ያለ መጋዘን ከእያንዳንዱ ነጋዴ ጥቂት ጥቂት ክምችት ይይዛል። ልጅቷ ጂንካ ቁጭ ብላ በቴሌግራም ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ መልእክቱን ታስተላልፋለች፣ መጋዘኑ አሽጎ በሞተር ይልካል፣ ማሩ በዚያው ቀን ቦሌ ይገባል። ማሩ ሩቅ አልተጓዘም፣ ቀድሞ ነው የተጓዘው። ቁም ነገሩ ይሄ ነው፦ ዕቃ ከትዕዛዝ በፊት ይጓዝ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ የቀረው መንገድ አጭር ይሁን።

ነገሩ ወደ ላይ ለሚሄደው ምርት ብቻ አይደለም፣ ወደ ታች ለሚወርደው ሸቀጥም ይሠራል። የገበያ ቀኖቻችንን አስቡ። ቱርሚ ሰኞ፣ ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካና ጂንካ ቅዳሜ። ገበያ ተከትሎ የሚዞር ነጋዴ ጨውና ሳሙናውን፣ ጨርቅና ጨሌውን ጭኖ ይሄዳል። ግማሹን ይሸጣል፣ ግማሹን መልሶ ጭኖ ይመጣል፣ በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ጭኖ ይሄዳል። ለአንድ ካርቶን ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ የጭነት ከፈለ ማለት ነው፣ የጫኝና አውራጁን ሳንጨምር። በየገበያው ከተማ በኪሎና በቀን ሒሳብ የሚያስከፍል አንድ የታመነ ማስቀመጫ ቢኖር ያልተሸጠው እዚያው ያድራል። ዝናብ ጥሎ ደረቁ ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲዘጋም ዕቃው ከገዢው ጋር በአንድ ወገን ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ወደምወደው ሒሳብ ልግባ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ተክታችሁ ሥሩት።

አንድ ነጋዴ ለማከማቻ በወር 4,000 ብር ኪራይ ይከፍላል እንበል። በዓመት 48,000 ብር ነው። ምርት በሚደርስባቸው 4 ወራት 30 ኩንታል ይይዛል፣ በቀሩት 8 ወራት 5 ኩንታል ብቻ። ኪራዩ ግን ክፍሉ ሞላ ጎደለ አይልም። ይሄው ሰው በጋራ መጋዘን በኩንታል በወር 40 ብር ቢከፍልስ? 30 በ4 ሲባዛ 120፣ 5 በ8 ሲባዛ 40፣ ድምሩ 160። በ40 ብር ስናባዛው 6,400 ብር። በወር 25 ጥቅል ትዕዛዝ ይላክለታል፣ ለአንዱ ማሸጊያና ማስረከቢያ 50 ብር ይከፍላል ብንል በዓመት 15,000 ብር። ጠቅላላው 21,400 ብር ሆነ። ልዩነቱ 26,600 ብር ነው፣ ማሸጉንም ሌላ ሰው ሠርቶለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያው ከንግዱ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሳይሸጥ የሚከፍለው ነገር በጣም ያንሳል።

"እኔ ኪራይ አልከፍልም፣ ቤቴ ነው የማስቀምጠው" የምትሉ አላችሁ። ነፃ ነው ብላችሁ ነው? ዓይጥ የበላው፣ ነቀዝ የገባበት፣ የሻገተው፣ ሕፃን ልጅ የደፋው የማን ነው? ቡና ሽታ ይስባል። ከጋዝ ማንደጃ ወይም ከሳሙና አጠገብ የከረመ ቡና ጠጪው ያውቀዋል። ማርም እርጥበት ይስባል። የውሃው መጠን ከ20 በመቶ ካለፈ ወደ መቡካት ይሄዳል። በሐመር መንደር ጎተራው ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ የሚቆመው ለጌጥ አይደለም፣ እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው ነው። እኛ የተማርነው ግን ኬሻውን ሲሚንቶ ላይ እናጋድማለን። ደህና መጋዘን ርብራብ አለው፣ ከግድግዳ ያርቃል፣ ምግብን ከሳሙናና ከማዳበሪያ ይለያል፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ያስወጣል። ይሄን ሁሉ እያንዳንዳችን ቤታችን ውስጥ ልንሠራው አንችልም፣ ለ40 ሰው አንድ ቦታ ላይ ግን ይቻላል።

40 ያልኩት ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም። በዚሁ ሒሳብ 40 ደንበኛ ያለው መጋዘን በወር 71,000 ብር ገደማ ያስገባል። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ሠራተኛ፣ ጥበቃና ኢንሹራንስ ይከፈላል፣ ለጥቂት ወጣቶች እንጀራ ይሆናል። 5 ደንበኛ ብቻ ካለው ግን በወር 9,000 ብር እንኳ አይሞላም፣ በሦስተኛው ወር ይዘጋል። ስለዚህ "እስቲ መጀመሪያ ሌላው ይሞክረው፣ ከሠራ እኔም እገባለሁ" ካልን ሁላችንም፣ መቼም አይሠራም። አንድ ዓይነት ምርት ብቻ ከያዘም 4 ወር ተጨናንቆ 8 ወር ባዶ ይከርማል። ወደ ላይ የሚወጣው ምርትና ወደ ታች የሚወርደው ሸቀጥ፣ ክፍላቸው ተለይቶ፣ አንድ ግቢ ሊጋሩ ይገባል።

አሁን ትልቁ ጥያቄ፦ እምነት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሐሳቤን ሰምቶ "አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ዕቃህን ለሌላ ሰው ሰጥተህ እንቅልፍ ይወስድሃል?" አለኝ። ስጋቱን አልንቀውም። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብለን በሰማይ ምስክርነት ብቻ ያስቀመጥነውን ብዙ ነገር በልተውናል። ግን መፍትሔው ሁሉንም ነገር አልጋችን ሥር ማድረግ ሳይሆን አደራውን ወረቀት ላይ ማውረድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራም ስለ ዕቃ ማከማቻም የደነገገው አለ። ውሉ ላይ እነዚህ በግልጽ ይጻፉ፦

ዕቃው ሲገባ ሁለታችሁም ባላችሁበት ይመዘን፣ ደረሰኝ ላይ ዓይነቱ፣ ክብደቱና ያለበት ሁኔታ ይጻፍ። "ማር 2 ጀሪካን" ብቻ አይበቃም።

ቢጠፋ፣ ቢበላሽ፣ ቢቃጠል ማን እንደሚከፍልና በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚከፍል ይታወቅ።

በየወሩ ቆጠራ ይደረግ። ባለቤቱ በፈለገው የሥራ ቀን መጥቶ ንብረቱን የማየት መብት ይኑረው።

ደንበኛው ሲረከብ የሚከፍለው ገንዘብ መጋዘኑ ኪስ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቢቻል በቀጥታ ወደ ነጋዴው ቴሌብር ይግባ። ዕቃና ገንዘብ አንድ እጅ ላይ ሲጠራቀሙ ጥሩ ሰውም ይፈተናል።

መለያየት ቢመጣ ዕቃው በስንት ቀን ይመለሳል የሚለው ደግሞ ሳይጣሉ በፊት ይጻፍ።

የደንበኞቻችሁ ስምና ስልክ የእናንተ ሀብት ነው። መጋዘኑ ለማድረስ ይጠቀምበት እንጂ ወስዶ የራሱን ማር እንዳይሸጥበት ክልከላውን አስፍሩ።

በነገራችን ላይ ደህና ደረሰኝ ሌላም በር ይከፍታል። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የብድር ጥያቄ ትዝ አላችሁ? በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትና መሬት የሌለው ሰው በተንቀሳቃሽ ንብረቱ ዋስትና መበደር የሚችልበትን መንገድ ከፍቷል። ግን የትኛው ባንክ ነው አልጋ ሥር ያለ ኬሻ ሊቆጥር የሚመጣ? ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ፣ በሦስተኛ ወገን እጅ ያለ ንብረት ግን ሊነጋገሩበት የሚቻል ነገር ነው። ለዚህ ነው ብድሩን ስትጠይቁኝ ስለ መጋዘን የምጠይቃችሁ።

ለሁሉም ሰው ይሆናል እያልኩ ግን አይደለም። በቀን አንድ ትዕዛዝ እንኳ የማይመጣለት ገና ጀማሪ እጁ ላይ ይዞ ይማር፣ ማሸጉንም ይልመደው። የራሱን ሥራ የማያውቅ ሰው ሌላው ሲሠራለት ጥሩና መጥፎውን አይለይም። ዓመቱን ሙሉ ብዙ የሚይዝም የራሱ መጋዘን ያዋጣዋል። በላይኛው ስሌት የማሸጉን ትተን ማከማቻውን ብቻ ካየን፣ 48,000 ብር ለ40 ሲካፈል 1,200፣ ያም በየወሩ 100 ኩንታል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከ100 ኩንታል በላይ የሚይዝ ሰው ክፍሉን ይከራይ። ትኩስ ቅቤና ቶሎ የሚበላሽ ነገርም ማቀዝቀዣ ከሌለ መጋዘን አይግባ። የእጅ ሥራ፣ በተለይ እያንዳንዱ የተለያየ የሆነ በርኩማና ቅል፣ ደንበኛው መርጦ ስለሚገዛ እያንዳንዱ ፎቶና ቁጥር ካልተሰጠው ጣጣው ብዙ ነው። ይሄን ሁሉ አውቆ መግባት ነው።

ማን ይጀምረው ለሚለው፣ መንግሥትን ብቻ ባንጠብቅ ደስ ይለኛል። በአገራችን ማዳበሪያ ከተከፋፈለ በኋላ ወራቱን ሙሉ ባዶ የሚቀመጡ የኅብረት ሥራ መጋዘኖች አሉ። ጸድተው፣ ሽታቸው ወጥቶ፣ ክፍል ተለይቶላቸው በኪራይ ቢሰጡ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። አካውንቲንግ ተምራችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ሎጂስቲክስ የተማራችሁ፣ ሞተር ያላችሁ፣ አዲስ አበባ ሰፊ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ተደምራችሁ እኮ አንድ መጋዘን ናችሁ! አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ያሽግ፣ አንዱ ያድርስ። እኔም በበኩሌ የመዝገቡን አሠራርና የዋጋውን ስሌት ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ክፍያ አብሬያችሁ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ።

ለመጀመር ብዙ ወሬ አያስፈልገንም፣ ቁጥር ነው የሚያስፈልገን። የምትነግዱ ሰዎች ሦስት ነገር በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ምን ትይዛላችሁ? በወር በአማካይ ስንት ኩንታል ወይም ስንት ጀሪካን? በሳምንት ስንት ትዕዛዝ ትልካላችሁ፣ ወዴት? 40 ሰው ከሞላ ጂንካ ላይ ፊት ለፊት እንገናኝ፣ ካልሞላም ስንት እንደጎደለን ቁጥሩን እዚሁ እነግራችኋለሁ።

የማትስማሙ ደግሞ ኮሜንት ላይ ተከራከሩኝ፣ ግን ስሌት ይዛችሁ ኑ። ለሚነግዱ ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው። መልካም ሳምንት!